ማይክሮዌቭ የምግብን ንጥረ ነገር ያጠፋል ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳ ዕቃ ይዘው ቢሮ ከሚሰለፉትም፣ የትናንቱን ወጥ ቤት ከሚያሞቁትም በየጊዜው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ማይክሮዌቭ የምግቡን ቫይታሚን ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?

እሳት የነካው ምግብ ሁሉ የሆነ ነገር ያጣል። ሽሮ በከሰል ቢንተከተክ፣ ጎመን በስቶቭ ቢቀቀል፣ ወጥ በማይክሮዌቭ ቢሞቅ ከቫይታሚኑ ጥቂቱ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከሌላው ማብሰያ የበለጠ ያጠፋል ወይ የሚለው ነው። መልሱ አያጠፋም ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያውም የሚጠፋው ያነሰ ነው።

ቫይታሚን የሚያስቀሩ ወይም የሚያጠፉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የሙቀቱ ብርታት፣ ምግቡ እሳት ላይ የቆየበት ጊዜ እና የገባበት ውሃ ብዛት። ማይክሮዌቭ ቶሎ ይጨርሳል። ብዙ ውሃም አይፈልግም። ዕቃውን በውሃ ሞልታችሁ ለግማሽ ሰዓት ከተዋችሁት ግን ከድስት የሚሻልበት ምክንያት የለም።

ውስጡ እሳት የለ፣ የሚግል ሽቦ የለ። ታዲያ በምን ያሞቃል?

ውስጡ ማግኔትሮን የሚባል ዕቃ አለ። የኤሌክትሪኩን ኃይል ወደ ሞገድ ይቀይራል። ሞገዱ ከሬዲዮና ከዋይፋይ ሞገድ ጋር ዘመድ ነው፤ በሰከንድ ወደ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ ሞገዱን ተከትሎ ወዲያ ወዲህ ሲገላበጥ ይፋተጋል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ደረቅ ሳህኑ ብዙም ሳይሞቅ ወጡ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ነገሩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1945 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሬይቲዮን በተባለ ኩባንያ ውስጥ የራዳር ዕቃ ላይ ሲሠራ ኪሱ ውስጥ የነበረ ቸኮሌት ቀለጠበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ከሰው ቁመት የሚስተካከልና ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነበር። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በሰፊው የተሸጠው ከ1967 ወዲህ ነው።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ "ማይክሮዌቭ ከውስጥ ወደ ውጭ ያበስላል" ይባላል። አያበስልም። ሞገዱ ምግቡ ውስጥ የሚገባው ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወደ መሃል የሚደርሰው ሙቀት እንደ ማንኛውም ምግብ ከዳር እየተላለፈ ነው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያለ ሽሮ ዳር ዳሩ እየተንተከተከ መሃሉ ቀዝቃዛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨረሩ ምግቡ ውስጥ ይቀራል? ካንሰርስ ያመጣል?

አይቀርም። መብራት ስታጠፉ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን እንደማይቀር ሁሉ፣ ማይክሮዌቩ ሲቆም ሞገዱም ያበቃል። ምግቡ ላይ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው።

ሰውን የሚያስፈራው "ጨረር" የሚለው ስም ነው። ኤክስሬይና የኒውክሌር ጨረር ከአተም ላይ ኤሌክትሮን የመንጠቅና ዘረመልን የመጉዳት ጉልበት አላቸው። ማይክሮዌቭ ይህ ጉልበት የለውም፤ የሚችለው ማሞቅ ነው። ምግቡን ራዲዮአክቲቭ አያደርገውም።

በበሩ በኩል ስለሚወጣው ለሚጨነቁ፦ መስታወቱ ላይ የምታዩት ቀዳዳ ቀዳዳ ብረት ሞገዱን መልሶ ወደ ውስጥ ይወረውረዋል። የአሜሪካ ደንብ ከዕቃው 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊዋት በላይ እንዳይወጣ ያዛል። ጥቂት ርቆ ለቆመ ሰው ደግሞ መጠኑ በጣም ይቀንሳል። በሩ የተጣመመ፣ ማጠፊያው የላላ ወይም ሳይገጥም የሚሠራ ማይክሮዌቭ ካላችሁ ግን አትጠቀሙበት።

በቀላሉ የሚጠፉት የትኞቹ ንጥረ ነገሮች ናቸው?

ፊተኛው ቫይታሚን ሲ ነው። ሙቀት ያጠፋዋል፣ ውሃ ያሟሟዋል፣ አየርም ይጎዳዋል። ቀጥሎ ቫይታሚን ቢ1 እና ፎሌት (ቫይታሚን ቢ9) ይመጣሉ። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በስብ ውስጥ የሚሟሙ ስለሆኑ ውሃ ይዟቸው አይሄድም፤ ሙቀትም የተሻለ ይችላሉ። በርበሬንና ካሮትን የሚያቀላው ንጥረ ነገር ከዘይት ጋር ሲበስል ለሰውነት እንዲያውም ይበልጥ ይመቻል።

ብረት፣ ካልሲየምና ዚንክ ማዕድናት ናቸው። ማዕድን በሙቀት አይጠፋም፤ ቢበዛ ወደ መቀቀያው ውሃ ይወጣል። ስለዚህ የጤፍ ብረት በማይክሮዌቭ ጠፋ የሚል ነገር ከሰማችሁ እለፉት። ፕሮቲንም ቅርጹን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። እንቁላል በድስት ሲቀቀል የሚደርስበትም ይኸው ነው።

አትክልት በድስት ይሻላል ወይስ በማይክሮዌቭ?

ቤታችን ጎመን እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። ተከትፎ ብዙ ውሃ ውስጥ ይጣዳል። እስኪበስል ይንተከተካል። ከዚያ ውሃው ይደፋል፤ ጭራሽ ውሃ እንዳይዝ ተብሎ በእጅ ይጨመቃል። ያ አረንጓዴ ውሃ ወደ መታጠቢያው ሲፈስ ብዙው ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት አብሮት ይፈሳል። ሰው ሁሉ ማይክሮዌቩን ይጠረጥራል። የጎመኑን ውሃ የሚጠረጥር አላየሁም።

መሞከር ከፈለጋችሁ እንዲህ ነው። የታጠበና የተከተፈ ጎመን ጎድጓዳ የሸክላ ወይም የብርጭቆ ሳህን ውስጥ አድርጉ። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይበቃዋል። ክደኑት፣ ግን ለእንፋሎቱ መውጫ ተዉለት። በየሁለት ደቂቃው እያወጣችሁ አማስሉና ሲለሰልስ በተቁላላ ሽንኩርት ላይ ጨምሩት። የሐበሻ ጎመን ጠንካራ ስለሆነ ከቆስጣ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ካሮትና ጥቅል ጎመንም በዚሁ መንገድ ይሆናሉ። ድንች ከነልጣጩ በሹካ ወጋ ወጋ ተደርጎ ይገባል፤ ካልተወጋ ሊፈነዳ ይችላል።

ጣዕሙ አንድ ነው አልልም። ጎመን በሥጋ ከማይክሮዌቭ አይጠበቅም። በድስት የምትቀቅሉ ከሆነም ውሃውን አሳንሱ፣ የተረፈውንም ወጡ ላይ መልሱት። ከምግቡ ጎን አንድ ጥሬ ቃሪያ የሚበላ ሰው ደግሞ ለቫይታሚን ሲ ብዙም አያሳስበውም፤ ቃሪያ በዚህ ሀብታም ነው።

የትናንቱን ወጥ ማሞቅስ? "የሞቀ ወጥ ዋጋ የለውም" ይባላል።

ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ ታውቃላችሁ። በሙቀት የሚጠፋው ቫይታሚን አብዛኛው ያኔ፣ ድስቱ ላይ ሄዷል። በማግስቱ ሦስት ደቂቃ ማሞቅ የሚጨምረው ጉዳት ትንሽ ነው። ፕሮቲኑ፣ ብረቱና ቅባቱ በቦታቸው አሉ። ግን ድስቱን ሙሉ በየቀኑ እያወጡ ማፍላትና መመለስ አያዋጣም። የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ።

ከቫይታሚኑ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ባክቴሪያው ነው። የተረፈ ምግብ ሲሞቅ መሃሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ፣ ጊዜው ሲጋመስ አውጥታችሁ አማስሉት፣ መልሳችሁ አስገቡት፣ ሁሉም ቦታ እስኪተን ጠብቁ። ከወጣ በኋላ አንድ ደቂቃ ይረፍ፤ ሙቀቱ ወደ ቀዝቃዛው ቦታ የሚዳረሰው ያኔ ነው። ቢሮ ውስጥ ከኋላ ሰልፍ ሲረዝም 40 ሰከንድ ሞቆ የሚወጣው ምሳ ለምላስ ይሞቃል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም።

ምግብ ከወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥም ይበላ። መብራት ሲጠፋ በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ ያለፈውን ወጥ በማይክሮዌቭ "ማዳን" አይቻልም። ሩዝ ላይ በተለይ ጠንቀቅ በሉ። ውጭ ያደረ ሩዝ ላይ የሚራባ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም።

ሥጋና እንቁላልስ?

ሥጋ ላይ ስሙ የሚነሳው ቫይታሚን ቢ12 ነው። በ1998 ጃፓን ውስጥ የታተመ ጥናት ጥሬ የከብት ሥጋ፣ የአሳማ ሥጋና ወተት በማይክሮዌቭ ሲሞቁ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ቢ12 ጥቅም ወደማይሰጥ ነገር እንደሚቀየር አሳይቷል። ትንሽ አይደለም። ቢሆንም ሥጋ በቢ12 የበለጸገ ስለሆነ የቀረው ለአብዛኛው በላተኛ ይበቃል። ወተት ብቻ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚያገኝ ሰው ግን ወተቱን ለረጅም ጊዜ ባያፈላው ይመከራል፤ በማይክሮዌቭም ሆነ በድስት ቢፈላ ያው ነው።

ክትፎን በማይክሮዌቭ ለብ ለብ የሚያደርጉ አሉ። ያ ከጥሬው ያን ያህል አይለይም። ጀርሙም ሆነ የኮሶ ትሉ ዘር ሞተ ብላችሁ አትመኑ፣ ሙቀቱ አንዱን ጥግ ነክቶ ሌላውን ይዘለዋልና።

እንቁላል ደግሞ የንጥረ ነገር ጉዳይ ሳይሆን የፍንዳታ ጉዳይ ነው። የዶሮ ወጥ እንቁላል ሙሉውን ከገባ ውስጡ እንፋሎት ይጠራቀማል። አንዳንዴ ማይክሮዌቩ ውስጥ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሹካ ሲነካው ፊት ላይ ይፈነዳል። ሁለት ቦታ ቁረጡት፣ ከዚያ አሙቁት።

እንጀራ በማይክሮዌቭ ይሞቃል?

ይሞቃል። ከፍሪጅ የወጣ እንጀራ ረጠብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ወይም የወረቀት ፎጣ ተሸፍኖ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ውሃው ይወጣና ሲበርድ እንደ ድርቆሽ ይሆናል። በንጥረ ነገሩ ላይ የሚመጣ የሚወራለት ለውጥ የለም።

ነጭ ሽንኩርት "መድኃኒቱ" በማይክሮዌቭ ይጠፋል ይባላል፤ እውነት ነው?

ይህኛው ወሬ መሠረት አለው። ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ አንድ ኢንዛይም ሥራ ይጀምራል፤ ሽታውንና ጠቃሚ የሚባለውን ነገር የሚፈጥረው እሱ ነው። ሳይደቆስ 60 ሰከንድ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከገባ ኢንዛይሙ ይሞታል። መላው ቀላል ነው፤ ደቁሱት፣ 10 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ አብስሉት። ለድስትም ይኸው ይሠራል።

የእናት ጡት ወተትና የሕፃን ጡጦ ማሞቅ ይቻላል?

የጡት ወተት በማይክሮዌቭ አይሞቅ። እዚህ ላይ "ብዙም ለውጥ የለውም" አልልም። የጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሙቀት ሲበረታባቸው ይጎዳሉ። በ1992 የታተመ ጥናትም በማይክሮዌቭ በጣም የሞቀ የጡት ወተት ይህን የመከላከል አቅሙን በእጅጉ እንደሚያጣ አሳይቷል።

ሁለተኛው ምክንያት ቃጠሎ ነው። ጡጦው በእጅ ሲዳሰስ ለብ ብሎ መሃሉ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል። ይህ ለዱቄት ወተትም ይሠራል። ጡጦውን ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አቁሙት፣ ነቅነቅ አድርጉት፣ ለሕፃኑ ከመስጠታችሁ በፊት የእጅ አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት።

በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ማሞቅስ?

ስለ ማይክሮዌቭ ለመጨነቅ የፈለገ ሰው ጭንቀቱን እዚህ ላይ ቢያደርገው እመርጣለሁ። በ2023 የአሜሪካው ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሕፃናት ምግብ የሚያዝባቸውን የፕላስቲክ ዕቃዎች ለሦስት ደቂቃ በማይክሮዌቭ አሞቁ። ከአንዳንዶቹ ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ማይክሮፕላስቲክና ከ2 ቢሊዮን በላይ ይበልጥ ደቃቅ የሆነ የፕላስቲክ ብናኝ ወጣ።

ቅባት ያለው ወጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ዘይት ከውሃ በላይ መሞቅ ስለሚችል የዕቃውን ግድግዳ ያቀልጣል። ምሳ ዕቃችሁ ውስጥ በየትኛውም ሳሙና የማይለቅ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር ቀይ ቀለበት ካለ ፕላስቲኩ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው። ያንን ዕቃ ለምሳሌ ለደረቅ ሽምብራ ማስቀመጫ አድርጉት።

"ለማይክሮዌቭ ይሆናል" የሚል ምልክት ዕቃው እንደማይቀልጥ እንጂ ምንም እንደማይወጣው አይናገርም። ሸክላ ወይም ብርጭቆ ሳህን ላይ ገልብጣችሁ አሙቁ። ፌስታል ጭራሽ አይግባ። የብረት ምሳ ዕቃና ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ሳህኖችም ብልጭታ ይፈጥራሉ።

"ብሮኮሊ በማይክሮዌቭ 97 በመቶ ያጣል" የሚለው ጥናትስ?

ጥናቱ እውነተኛ ነው። በ2003 ስፔን ውስጥ ተሠርቶ የታተመ ነው። ብሮኮሊው በማይክሮዌቭ ሲበስል ፍላቮኖይድ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች 97 በመቶውን አጣ፤ በእንፋሎት ሲበስል ግን 11 በመቶ ብቻ። ይህ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞሯል።

አብሮት ያልዞረው ነገር ብሮኮሊው ውሃ ውስጥ ተደርጎ መብሰሉ ነው። ፍላቮኖይዱ ወደ ውሃው ወጥቷል። በሌላ አነጋገር የተለካው በማይክሮዌቭ የተቀቀለ ብሮኮሊ ነው። በጥቂት ውሃ የሠሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ያገኙት ውጤት ወደ እንፋሎቱ የቀረበ ነው። ስለዚህ "ማይክሮዌቭ ይህን ያህል ያጠፋል" የሚል ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ ስንት ውሃ ገባ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ ብላችሁ ጠይቁ።

ራሺያ አግዳው ነበር፣ የስዊዘርላንድ ሳይንቲስትም አፉን ተዘጋ ይባላል። ታዲያ የተደበቀ ነገር የለም?

የራሺያው ወሬ "ሶቪየት ኅብረት በ1976 ማይክሮዌቭን ከለከለች" የሚል ነው። በቴሌግራም እየተዘዋወረ በየጊዜው ይመለሳል። የእገዳውን ሰነድ ያሳየ ግን የለም። ሶቪየት ኅብረት ራሷ በ1980ዎቹ ማይክሮዌቭ እያመረተች ለዜጎቿ ትሸጥ ነበር።

የስዊሱ ታሪክ የተፈጸመ ነው፣ የሚነገረው ግን ግማሹ ነው። ሃንስ ኸርተል የተባለ ተመራማሪ ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ሆኖ በማይክሮዌቭ የሞቀ ምግብ የበሉ ሰዎችን ደም መረመረ። ተሳታፊዎቹ 8 ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ራሱ ኸርተል ነው። በ1992 አንድ መጽሔት ሽፋኑ ላይ ሞትን በአጽም መልክ፣ እጁን ወደ ማይክሮዌቭ የዘረጋ አድርጎ ሥሎ ወሬውን አወጣው። አብሮት የሠራው ፕሮፌሰር ከድምዳሜው ራሱን አገለለ። የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር ከሰሰ፤ የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤትም ኸርተል ማይክሮዌቭ ለጤና ጠንቅ ነው እንዳይል ከለከለው።

ኸርተል ነገሩን ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ወሰደው። በ1998 ረታ። ፍርድ ቤቱ የወሰነው ሰውዬው ሐሳቡን የመግለጽ መብቱ ተጥሷል ብሎ ነው። ስለ ምግቡ የሰጠው ፍርድ የለም፤ የ8 ሰዎቹም ውጤት ማይክሮዌቭ ጎጂ ነው ለማለት አይበቃም።